አንዲት «በ» የጎደላት ስያሜ፦ ስለ ሲ++ «ኮንስታንት ኢኒሺያላይዜሽን» ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ሲ++ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሚጽፉ ሰዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ከሦስት ሰው ደርሶኛል፤ ሦስተኛው ወዳጄ «ተገላገልን!» የምትል ቃል ጨምሮበታል። ጽሑፉ የሚተቸው የቋንቋው ስታንዳርድ (ሕጎቹ የተጻፉበት ሰነድ) «ኮንስታንት ኢኒሺያላይዜሽን» ብሎ የሚጠራውን ደንብ ነው። ደንቡ ከፕሮግራሙ ጋር ተወልደው ከፕሮግራሙ ጋር የሚሞቱ ቫሪያብሎች (ዋጋ የሚያዝባቸው ስም ያላቸው ቦታዎች) የመጀመሪያ ዋጋቸውን መቼ እንደሚያገኙ ይወስናል፤ አንድም መስመር ኮድ ሳይሮጥ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚሮጥ ኮድ? ጽሑፉ ጥሩ ብዕር ያለው ሰው ሥራ ነው፤ ሲያሾፍም ያምርበታል። መደምደሚያው ግን የሰው ኮድ የሚያበላሽ ስለመሰለኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ክርክር ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ «ኮንስታንት» የሚለው ቃል በስታንዳርዱ ውስጥ አንዴ «የማይለወጥ»፣ አንዴ «አስቀድሞ የሚታወቅ» እየሆነ ስለሚገባ አንባቢው የቱን እንደሚይዝ አያውቅም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ስታንዳርዱ ኮንስታንት ኢኒሺያላይዜሽን ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ያልቃል ይልና፣ ዞር ብሎ ደግሞ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ቁራጭ) ውስጥ የተቀመጠን ተራ ቫሪያብል «ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ» ይለዋል፤ ይህ ተቃርኖ ነው። ሦስተኛ፣ ኮምፓይለሮች (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሱ ፕሮግራሞች) ያልታዘዙትንም ዋጋ አስልተው ባይናሪው (ተተርጉሞ ያለቀው ፋይል) ውስጥ ስለሚያስቀምጡ ልዩነቱ የወረቀት ላይ ልዩነት ነው፤ እውነቱን የፈለገ አሴምብሊውን (ኮምፓይለሩ ያወጣውን የማሽን ትእዛዝ) ይመልከት። አራተኛ፣ ኮንስትኤክስፐር («አስቀድሞ ሊሰላ የሚችል» የሚል ምልክት) እያለ በ2020 ኮንስትኢኒት የሚባል ሌላ ቃል መጨመሩ የስታንዳርዱ ኮሚቴ ራሱ እንደተምታታበት ያሳያል። አምስተኛ፣ ትርጉሙ ከ1998 ጀምሮ በየእትሙ ሲቀያየር ኖሯል። የሚያቀርቡት መፍትሔ እነዚህ ስያሜዎች ሁሉ ተሰርዘው «በኮምፓይል ጊዜ የሚደረግ ኢኒሺያላይዜሽን» የሚል አንድ ቃል እንዲተካቸው ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ቃሉ ከአቅሙ በላይ እንደተጫነ አልክድም። ኮንስት፣ ኮንስታንት፣ ኮንስትኤክስፐር፣ ኮንስትኢኒት፣ ኮንስትኢቫል፤ አምስቱንም በአንድ ገጽ ላይ ያየ ጀማሪ ቢማረር አይፈረድበትም። ነገር ግን ስታንዳርዱ «ኮንስታንት» የሚለውን ቃል ለብቻው አንጠልጥሎ ደንብ አይሠራበትም። የሚተረጉመው «ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን» (ፕሮግራሙ ሳይሮጥ ሊሰላ የሚችል ስሌት) የሚለውን ሙሉ ስያሜ ነው፤ ምን ምን እንደሚፈቀድበትና እንደሚከለከልበትም አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ኮንስት ደግሞ የቫሪያብሉ ዓይነት ላይ የሚለጠፍ ክልከላ ነው፤ «ከተወለደ በኋላ አትንካው» ማለት ነው። ሁለቱ እንደማይተሳሰሩ ለማየት ከፈንክሽን ውጭ የተጻፉ እነዚህ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ፦

ኢንት ቆጣሪ = 0;
ኮንስት ኢንት ወደብ = ከፋይል_አንብብ();

ቆጣሪ ሚሊዮን ጊዜ ይለወጣል፤ ሆኖም ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ ነው፤ የተነሣበት 0 ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ነውና። ወደብ አንዴ ዋጋ ካገኘ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ነገር ግን ዋጋውን የሚያገኘው ፕሮግራሙ ተነሥቶ ፋይሉን ሲያነብ ስለሆነ ኢኒሺያላይዜሽኑ ዳይናሚክ ነው። ጸሐፊው «የማይለወጥ» እና «አስቀድሞ የሚታወቅ» ተደባለቁ ያሉት እዚህ ላይ ከሆነ፣ ደባላቂው ስታንዳርዱ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ጣልቃ ላስገባ። እንግሊዝኛው ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ደርድሮ ግንኙነታቸውን ለአንባቢ ግምት ይተዋል። እኛ «ቋሚ ማስጀመር» ብለን ብንመልሰው ያው ጣጣ ይከተለናል፤ ቋሚ የሆነን ነገር ማስጀመር ሊሆን ይችላል፣ የማይለወጥ አጀማመርም ሊሆን ይችላል። «በቋሚ ማስጀመር» ስንል ግን ነገሩ ይጠራል፤ ቋሚው ማስጀመሪያው ነው፣ የሚጀመረው ነገር የፈለገውን ይሁን። ስታንዳርዱ በሙሉ የሚያወራው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። አማርኛ በአንዲት «በ» የሚፈታውን እንግሊዝኛው አንድ አንቀጽ ትርጉም ጽፎ ይፈታዋል። ፈትቶታል ግን።

በዚህ ነጥብ ላይ ለጸሐፊው የምተውላቸው አንድ ነገር አለ። ኮንስት የሆነ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) በኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ከተነሣ፣ ራሱ በሌላ ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ውስጥ መግባት ይችላል፤ ለምሳሌ የአሬይ (በተርታ የተቀመጡ ዋጋዎች) መጠን ይሆናል። ኮንስት የሆነ ደብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ግን፣ በ3.14 ቢነሣም፣ ኮንስትኤክስፐር ካልተባለ አይችልም። ለኢንቲጀሮችና ለኢነሞች (ስም ለወጣላቸው ቁጥሮች) የተሰጠ ይህ የድሮ መብት ኮንስትን ከኮንስታንት ጋር ለማምታታት ከማንም በላይ አስተዋጽኦ አድርጓል። ጸሐፊው ይህን ቢያነሡ ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ የወደድኩት ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛ ቁስል ነክተዋል። የ2020ው እትም «ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ» የሚለውን ቅጽል ሲተረጉም ስለ ቫሪያብሉ ዕድሜ አንድም ቃል አይናገርም። ኢኒሺያላይዘር (የሚነሣበት ዋጋ) ካለውና ኢኒሺያላይዘሩ ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ከሆነ፣ ፈንክሽን ውስጥ ያለ ቫሪያብልም ይህን ስም ያገኛል። ሌላ ምዕራፍ ላይ ደግሞ፣ ስታቲክ (ከፕሮግራሙ እኩል የሚኖር) ወይም የትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር) ዕድሜ ያለው ቫሪያብል ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ ከሆነ «ኮንስታንት ኢኒሺያላይዜሽን ይከናወናል» ይላል። አንዱ ጠባይ ነው፣ ሌላው ድርጊት። ጠባዩ የሁሉም ሊሆን ይችላል፤ ድርጊቱ ዕድሜያቸው ለረዘመ ብቻ ነው። ሁለቱን ያው አንድ ሥር ባላቸው ቃላት መጥራት መጥፎ ምርጫ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ተደናብሬ ነበር።

መጥፎ ስም ማውጣት ግን ራስን መቃረን አይደለም። «ሯጭ» እና «ሩጫ» አንድ ሥር አላቸው፤ የተቀመጠን ሰው ሯጭ ብንለው ሩጫው አሁን እየተካሄደ ነው ያለ የለም። ጸሐፊው በቅጽሉ ገብተው በስሙ ወጡና ተቃርኖ አገኘሁ አሉ።

የጠባዩ ስያሜ ለፈንክሽን ውስጥ ቫሪያብል ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ እስቲ ይህችን ኮድ እንያት። ከ2020 ጀምሮ በስታንዳርድ ላይብረሪው ውስጥ ኢዝ_ኮንስታንት_ኢቫሉዌትድ የሚባል ፈንክሽን አለ፤ የተጠራበት ስሌት የግድ በኮንስታንትነት የሚሰላ ከሆነ «አዎ»፣ ካልሆነ «አይ» ይላል።

ኮንስትኤክስፐር ኢንት ድምር() {
  ኮንስት ኢንት ሀ = ኢዝ_ኮንስታንት_ኢቫሉዌትድ() ? 4 : 9;
  ኢንት ለ = ኢዝ_ኮንስታንት_ኢቫሉዌትድ() ? 4 : 9;
  ሪተርን ሀ + ለ;
}
ኢንት መ = ድምር();
ኢንት ሠ = መ + ድምር();

መ ስንት ነው? ኢኒሺያላይዘሩ ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ነው፤ ስለዚህ ድምር ውስጥ ያለው ሁሉ በኮንስታንትነት ይሰላል፤ 4 እና 4፣ 8። ሠ ላይ ስንደርስ ሁኔታው ይለወጣል። መ ኮንስት ስላልሆነ ዋጋውን ማንበብ በኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ውስጥ አይፈቀድም፤ ስለዚህ የሠ ኢኒሺያላይዜሽን ዳይናሚክ ነው። ድምር አሁን እንደ ተራ ፈንክሽን ተጠርቷል፤ ለ «አይ» የሚል መልስ አግኝቶ 9 ይሆናል። ሀ ግን 4 ነው! ኮንስት ኢንቲጀር ስለሆነና ኢኒሺያላይዘሩ በኮንስታንትነት ሊሰላ ስለሚችል፣ ፈንክሽኑ መቼም ይጠራ መች፣ እሱ ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ ነው። ስለዚህ ሠ 8 ሲደመር 4 ሲደመር 9፣ 21 ይሆናል።

ልብ በሉ፤ ሀ እና ለ የተጻፉት በአንድ ዓይነት ኢኒሺያላይዘር ነው። የለያቸው ኮንስት የሚለው ቃል ነው፤ ቃሉ ይህን ኃይል የሚያገኘው ግን ጸሐፊው «ትርጉም አልባ» ያሉት ያ ጠባይ ሲኖር ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደግሞ በትክክል ጀምረው ወደተሳሳተ ቦታ ደርሰዋል። ስታንዳርዱ ለኮምፓይለሩ ፈቃድ እንደሚሰጥ እውነት ነው። ዳይናሚክ የሆነን ኢኒሺያላይዜሽን ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ሠርቶ ውጤቱን ባይናሪው ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል፤ ሁለት ነገር እስካሟላ ድረስ። አንደኛው፣ የዳይናሚኩ ስሌት የሌላን ስታቲክ ቫሪያብል ዋጋ ያለጊዜው የሚነካ እንዳይሆን ነው። ሁለተኛው፣ አስቀድሞ የሠራው ዋጋ፣ በግድ ስታቲክ መሆን የሌለባቸው ቫሪያብሎች ሁሉ በዳይናሚክ ቢነሡ ኖሮ ከሚገኘው ዋጋ ጋር አንድ እንዲሆን ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ልዩነት የለም» አሉ። እኔ ከዚሁ ቦታ ተነሥቼ የምደርሰው ተቃራኒው ላይ ነው፦ ፈቃድና ግዴታ የተለያዩ ነገሮች ባይሆኑ ኖሮ ፈቃዱን መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

ከላይ ወዳለችው ሠ እንመለስ። ጎበዝ ኮምፓይለር 21ን አስልቶ ባይናሪው ውስጥ በቀጥታ ቢጽፈው መብቱ ነው። አሴምብሊውን ያየ ሰው ሠን የሚያስነሣ ምንም ኮድ አያገኝም፤ በጸሐፊው መስፈርት «ይኸው፣ ኮንስታንት ኢኒሺያላይዜሽን ነው» ይላል። እንዲያ ከሆነ ታዲያ ለምን 16 አልሆነም? በኮንስታንትነት ቢሰላ አራት አራት እየሆነ 8 ሲደመር 8 ነበር የሚሆነው። አሴምብሊው ይህን ሊያስረዳ አይችልም፤ ውጤቱን እንጂ ውጤቱ በየትኛው ደንብ እንደመጣ አያሳይም።

ፈቃዱ የራሱን ጣጣ ይዞ እንደሚመጣም ልጨምር፤ ይህን ጸሐፊው አልፈውታል።

ኤክስተርን ኢንት ኋላ;
ኢንት ፊት = ኋላ;
ኢንት ኋላ = ሰባት();

የመጀመሪያው መስመር ኋላ ከታች እንደሚመጣ ብቻ ያስታውቃል። ሰባት ኮንስትኤክስፐር ያልሆነ ተራ ፈንክሽን ነው፤ የሚመልሰው 7 ነው። ፊት ስንት ይሆናል? በአንድ ፋይል ውስጥ ዳይናሚኮቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ስለሚነሡ፣ ፊት ኋላን ሲያነበው ገና ዜሮ ነው፤ ስለዚህ 0። ኮምፓይለሩ በፈቃዱ ተጠቅሞ ኋላን አስቀድሞ 7 ካደረገው ግን ፊት 7 ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። ሰባት ላይ ኮንስትኤክስፐር የሚል ቃል ብንጨምር ኋላ በግዴታ ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ ይሆንና ፊት ሁልጊዜ፣ በማንኛውም ኮምፓይለር፣ 7 ነው። የወረቀት ላይ ልዩነት ነው የተባለው እንግዲህ ይኼ ነው።

እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩት በቀላሉ አይደለም። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቡድን ውስጥ የመለኪያ ማባዣዎችን የያዘ አንድ ግሎባል (ከፈንክሽን ውጭ የተቀመጠ) ሠንጠረዥ ነበረን። ኮንስትራክተሩ (ሠንጠረዡ ሲወለድ የሚሮጠው ፈንክሽን) ሠንጠረዡን በሉፕ፣ ማለትም በድግግሞሽ፣ ይሞላዋል፤ ኮንስትኤክስፐር ግን አልተባለም። ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ ግሎባል ደግሞ ገና ሲነሣ ከዚህ ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር ወስዶ ያካፍልበታል። ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያፈጥንበት ሥራ) በርቶ ሲገነባ ኮምፓይለሩ ሠንጠረዡን ራሱ ሞልቶ ባይናሪው ውስጥ ያስቀምጠው ስለነበር ለወራት ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ። አንድ ቀን ሌላ ስህተት ለማደን ኦፕቲማይዜሽኑን አጥፍተን ገነባነው፤ ፕሮግራሙ ሜይን (ሥራ የሚጀምርበት ዋና ፈንክሽን) ሳይደርስ ወደቀ። ዲበገሩ (ስህተት ማደኛው ፕሮግራም) ላይ ሠንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ነበር። ሁለቱ ፋይሎች ሲሊንኩ (ሲገጣጠሙ) የነበራቸው ቅደም ተከተል ተካፋዩን ከአካፋዩ አስቀድሞት፣ በዜሮ አካፍለን ኖሯል። ግማሽ ቀን የፈጀብን የራሳችን ኮድ ውስጥ ስህተቱን በማጣታችን ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሲታይ ትክክል ነበርና። አሴምብሊውን እንደ ሕግ ቆጥረን ነበር፤ ያየነው ግን የኮምፓይለሩን ውለታ ነው።

ወደ አራተኛው ነጥብ የሚያሻግረኝ የዚያ ታሪክ መጨረሻ ነው። ያን ሠንጠረዥ ያስተካከልነው ኮንስትራክተሩን ኮንስትኤክስፐር አድርገን፣ ቫሪያብሉ ላይ ደግሞ ኮንስትኢኒት ጨምረን ነው። ኮምፓይለሩ ወዲያው እምቢ አለ፤ ሉፑ ውስጥ አንድ ኮንስትኤክስፐር ያልሆነ ረዳት ፈንክሽን ተደብቆ ነበር። ኮንስትኢኒት የሚጠይቀው ይህችን ብቻ ነው፦ የቫሪያብሉ ኢኒሺያላይዜሽን ዳይናሚክ ከሆነ ፕሮግራሙ ስህተት ነው። ስታንዳርዱ አንድ ነገር አክሎ ይናገራል፤ ኮምፓይለሩ በተግባር ያን ኢኒሺያላይዜሽን ስታቲክ አድርጎ የሚሠራው ቢሆን እንኳ ስህተት ነው። የሦስተኛው ነጥብ መልስ በዚያች አንዲት ሐረግ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አለ፤ ውለታን አልቆጥርም፣ ግዴታውን አሳየኝ እያለ ነው።

ጸሐፊው «ኮንስትኤክስፐር ይህን ያደርግ አልነበረምን?» ይላሉ። ያደርጋል፤ ግን ያልጠየቅነውንም አብሮ ያደርጋል። ኮንስትኤክስፐር የሆነ ቫሪያብል የግድ ኮንስት ነው። ግሎባል ሚውቴክስን (ሁለት ትሬዶች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚያደርግ ቁልፍ) አስቡ። የስታንዳርድ ላይብረሪው ሚውቴክስ ከ2011 ጀምሮ ኮንስትኤክስፐር ኮንስትራክተር አለው፤ የተሰጠውም በትክክል ለዚህ ነው፣ ማንም ኮድ ከመሮጡ በፊት ዝግጁ ሆኖ እንዲጠብቅ። ነገር ግን ሚውቴክሱን ኮንስትኤክስፐር ብንለው፣ ኮምፓይለሩ ቢቀበለን እንኳ፣ ኮንስት ይሆንና መቆለፍ አንችልም፤ የማይቆለፍ ቁልፍ ይሆናል። የምንፈልገው በቋሚ የተጀመረ፣ ግን የሚለወጥ ነገር ነው። ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ የሚለው ትርጉም ውስጥ «ዓይነቱ ሊተራል (በኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ውስጥ የሚፈቀድ ዓይነት) ባይሆንም ለራሱና ለክፍሎቹ ኮንስትኤክስፐር ኮንስትራክተር መጥራት ይችላል» የሚል ልዩ ፈቃድ የገባውም እንዲህ ላሉት ነው። ጸሐፊው ይህን ልዩ ፈቃድ «ጥቅሙ ያልታወቀ ሽንቁር» ብለውታል፤ ጥቅሙ በብዙ ትሬድ የሚሠራ ፕሮግራም ያለው ሁሉ ቤት ውስጥ አለ።

ስሙ አሳሳች ነው ላሉት ግን እጄን እሰጣለሁ። ኮንስትኢኒት የሚለውን ያየ ሰው ቫሪያብሉ ኮንስት የሆነ ይመስለዋል፤ አይደለም። ከኮንስትኤክስፐር ጋር አብሮ ሊጻፍ እንደማይችል፣ ብቻውን ሲጻፍ ደግሞ ቫሪያብሉን ለአሬይ መጠን እንደማያበቃው፣ ኮንስት ከተጨመረበት ግን ኢንቲጀር ከሆነ እንደሚያበቃው፤ ይህን ሁሉ ከስሙ መገመት አይቻልም። ከስሙ ይልቅ ሥራውን ማየት ነው የሚያዋጣው።

አምስተኛው ነጥብ ረጅም መልስ አይፈልግም። በ1998 ስያሜው ገና አልነበረም፤ ስታንዳርዱ «በኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ማስነሣት» ይል ነበር፣ ከዳይናሚኮች ሁሉ መቅደማቸው የተረጋገጠውም ቀላል ዓይነቶች ብቻ ነበሩ። በ2011 ኮንስትኤክስፐር ሲመጣ ኮንስትራክተር ያላቸው ዓይነቶችም ገቡ፤ ያኔ ደንቡ ስም አስፈለገው። በ2017 ዜሮ ማድረግና በቋሚ ማስጀመር ተነጣጠሉ፤ ቀድሞ ሁሉም መጀመሪያ ዜሮ ሆኖ ከዚያ ቋሚውን ይቀበል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ዜሮ የሚሆነው ቋሚ ያላገኘው ብቻ ነው። በ2020 ትርጉሙ ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ወደሚተረጎምበት ምዕራፍ ተዛወረ። በእያንዳንዱ ለውጥ በቋሚ የሚጀመሩት ነገሮች በዙ ወይም ቃሉ ጠራ፤ ጸሐፊው ግን በ1998 ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ ሆኖ በ2020 ያልሆነ አንድም መስመር ኮድ አላሳዩንም።

የመፍትሔ ሐሳባቸው ይቀራል። «በኮምፓይል ጊዜ የሚደረግ ኢኒሺያላይዜሽን» ጥሩ ይሰማል፤ ቀላል ነው፣ ማንም ይገባዋል። ችግሩ ትክክል አለመሆኑ ነው።

ኢንት ቆጣሪ = 0;
ኢንት *አመልካች = &ቆጣሪ;

አመልካች በማያሻማ ሁኔታ ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ ነው፤ የግሎባል ቫሪያብል አድራሻ ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ነውና። ነገር ግን ቁጥሩ ስንት ነው? ኮምፓይለሩ አያውቅም። ቆጣሪ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሊንከሩ (የተተረጎሙትን ፋይሎች የሚያገጣጥመው ፕሮግራም) ነው። ዛሬ በብዙ ሲስተሞች ላይ እንደሚደረገው ፕሮግራሙ በየትኛውም አድራሻ ላይ መጫን እንዲችል ሆኖ ከተገነባ ደግሞ ሊንከሩም አያውቅም፤ ባይናሪው ውስጥ «እዚህ ቦታ ላይ የቆጣሪን አድራሻ ሙላ» የሚል ማስታወሻ ይቀመጥና ሲጫን ሎደሩ ይሞላዋል፤ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥርም ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። በጸሐፊው ስያሜ ይህ መስመር የት ይገባል? ስታንዳርዱ «ኮምፓይል» የሚለውን ጊዜ ሆን ብሎ አልጠቀሰም፤ ቃል የሚገባው ከዳይናሚኮች ሁሉ በፊት እንደሚያልቅ ብቻ ነው፤ ማን እንደሚሞላው አይመለከተውም። ሰፊው ቃል የተመረጠው ለዚህ ነው።

የእኔ ምኞት ከእሳቸው ያነሰ ነው፤ ቅጽሉና ስሙ ቢለያዩ ይበቃኛል። ጠባዩ ሌላ ስም ቢያገኝ፣ ድርጊቱ የያዘውን ቢይዝ፣ የሁለተኛው ነጥብ ግራ መጋባት በአብዛኛው ይጠፋል።

ጸሐፊው በእውነት የሚያሻማ ቦታ ከፈለጉ ግን ልጠቁማቸው፤ የተጣሉበት አንቀጽ ውስጥ ነው ያለው፣ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ። ትርጉሙ ኢኒሺያላይዘሩ ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን መሆኑ የሚታየው «እንደ ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ሲወሰድ» ነው ይላል። ማለትም ኮምፓይለሩ መጀመሪያ ነው ብሎ ያስብና ይሞክረዋል፤ ከሆነለት ነው፣ ካልሆነለት የሞከረውን ጥሎ እንደገና በዳይናሚክ ይይዘዋል። ስታንዳርዱም ይህን ሙከራ በግርጌ ማስታወሻ ያምናል። አሁን ይህን እዩ፦

ኢንት ያ = 0;
ኮንስት ኢንት ይህ = ኢዝ_ኮንስታንት_ኢቫሉዌትድ() ? ያ : 5;

ኮምፓይለሩ ኮንስታንት ነው ብሎ ሲሞክረው ጥያቄው «አዎ» ይላል፤ «አዎ» ካለ ያን ማንበብ አለበት፣ ያ ደግሞ ኮንስት አይደለም፤ ሙከራው ወደቀ። ተመልሶ በዳይናሚክ ሲይዘው ጥያቄው «አይ» ይላል፣ ስለዚህ 5 ይሆናል። ኮንስት ነው፣ ኢንቲጀር ነው፣ ዋጋው የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ግን ኮንስታንት ኢኒሺያላይዝድ አይደለም፣ የአሬይ መጠንም አይሆንም። ኮንስትኢኒት ብንጨምርበት ኮምፓይለሩ አይቀበለውም፤ አሴምብሊው ላይ ብናየው ግን 5 ተቀምጦ ልናገኘው እንችላለን።